የአቶ ሙሉአለም ኮት

ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፳፪፣ ማክሰኞ

ነፋስ፣ አቧራ፣ ዝንብ። እንደ ትናንቱ። ችሎት ውዬ አምስት ክስ ጻፍኩ፤ ሁለቱ የድንበር፣ አንዱ የአህያ፣ ሁለቱ የስድብ። የስድብ ክስ ስጽፍ ደስ ይለኛል፤ ሰው ሲሰደብ አንደበቱ ይፈታል።

ከሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያ ወረድኩ። ቀለም ከድሬዳዋ ይመጣልሃል ተብዬ ነበር። ቀለሙ አልመጣም። አንድ ሰው መጣ።

እንዴት ብዬ ልጻፈው... አመድማ ሙሉ ልብስ። ኮት፣ ሰደርያ፣ ሱሪ፣ ሦስቱም ከአንድ ጨርቅ። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰማያዊ ከረባት። ከባቡር የሚወርደው ሰው ሁሉ ጥላሸት ጠጥቶ፣ ዓይኑን እያሸ ነው የሚወርደው። እሱ ግን ሌላው ወርዶ እስኪያልቅ ፉርጎው ውስጥ ቆየ። ከኪሱ ትንሽ ብሩሽ አውጥቶ ትከሻውን፣ እጅጌውን፣ ጉልበቱን ጠረገ። ከዚያ ወረደ። እንጨት የተሸከመች አሮጊት መንገዱ ላይ ነበረች፤ ባርኔጣውን አንስቶ አሳለፋት። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። አሮጊቷ ደንግጣ መረቀችው።

ኮት አይቼ አላውቅም? አውቃለሁ እንጂ። ግሪኮቹ ይለብሳሉ፣ አርመኑ ባለ ሱቅ ይለብሳል። በነሱ ላይ ግን ጨርቅ ነው። በዚህ ሰው ላይ... ምን እንደሆነ አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ኩታዬን ሁለት ጊዜ አራገፍኩት።

ኅዳር ፭፣ ሐሙስ

ሰውየው ነገረ ፈጅ ኖሯል! አቶ ሙሉአለም ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣው ለዲንቄ ጉዳይ ነው።

የዲንቄን ክስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባሏ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ንዳድ ገደለው። ከጣቢያው ጀርባ ያለችውን ቤት ትቶላት ነው የሞተው። አሁን የባሏ ወንድም ጆቴ፣ የፈረስ ነጋዴው፣ "ቤቱን ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ ወንድሜን ያስጠለልኩት እኔ ነኝ፤ ትውጣልኝ" ይላል። ሦስት ልጆች ይዛ የት ትወጣለች? ጆቴ ችሎት ላይ ሲጮህ ጣራው ይንቀሳቀሳል። እሷ ድምጿ አይሰማም። ወኪል ፈልጊ ያልኳት እኔው ነኝ።

ዛሬ አቶ ሙሉአለም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ችሎት ቆመ። ዳኛችን ግራዝማች መርዳሳ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ከታች እስከ ላይ ደገሙት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ወኪል ነኝ፣ ጌታዬ። የወይዘሮ ዲንቄ።"

"ወኪልነትህን አልጠየቅኩም። ሰው እፊቴ ሲቆም ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያደገድጋል። አንተ ምንህን ታወርዳለህ?"

"ባርኔጣዬን አውርጃለሁ፣ ግራዝማች።"

"ባርኔጣማ ፀሐይ ስትጠልቅም ይወርዳል።"

ሰዉ በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅኩ፤ አሁን ግን አፈርኩ። ግራዝማች "ለሚቀጥለው ሐሙስ እንዴት እንደምታከብረኝ አስበህ ና" ብለው አሰናበቱት። ጆቴ በደስታ ፂሙን ያሻሽ ነበር። ዲንቄ ደጅ ላይ "ዋቃዮ፣ አምላኬ... ልብስ ነው እንዴ ቤቴን የሚያስወስደኝ?" አለችኝ።

ኅዳር ፰፣ እሑድ

አቶ ሙሉአለም ከኔ ቤት ገባ። ከዓርብ ጀምሮ። ጓዳው ባዶ ነበር፣ እሱም ማደሪያ አላገኘም፤ ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩ። የጠየቀኝም እንዲህ ብሎ ነው፦ "አቶ ፈዬራ፣ ባስቸግርዎ..." በዚህ አገር ጸሐፊን አንቱ የሚል ማነው? ግራዝማች "አንተ ቀለም" ነው የሚሉኝ።

ለካ ሦስት ሙሉ ልብስ ያለው የመሰለኝ አንድ ብቻ ነው ያለው! አንድ ቀን በሰደርያ፣ አንድ ቀን ያለ ሰደርያ፣ አንድ ቀን ሌላ ከረባት... እኔም ከተማውም ተታለልን። የሸሚዙን አንገት በየማታው ራሱ ያጥባል፤ አንገቱ ከሸሚዙ ተነጥሎ የሚወጣ ነው፣ ይህንንም አላውቅም ነበር። ሱሪውን አጥፎ ከፍራሹ ሥር ያስተኛዋል፤ ራሱ ይተኛበታል። ጠዋት እንደ ቢላ ስለት ሆኖ ይወጣል። ጫማውን ሲወለውል ደግሞ ጸሎት የሚያደርስ ነው የሚመስለው፤ አያናግሩትም።

"ለምን ይህን ያህል ይደክማሉ?" አልኩት።

ብሩሹን አስቀመጠ። "ወይዘሮ ዲንቄ ድሃ ናት። እኔ ተዝረክርኬ ብሄድ ዳኛው 'የተዝረከረከ ነገር ይዞ መጣ' ይላል። ከአፌ በፊት ልብሴ ነው የሚታየው። ልብሴ ስለኔ እንዲናገር አልፈልግም። ለዚህች ሴትዮ ጉዳይ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው አለ፣ ይህን ብቻ ቢናገር ይበቃኛል።"

እኔ ለጽሕፈቴ እንዲህ እጨነቃለሁ፤ ፊደሌ ከተንጋደደ ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና እጀምራለሁ። ለልብሴ ግን... ኩታዬ ላይ የሦስት ወር ቀለም አለ።

ይህን ሰው ወደድኩት። በቃ።

ኅዳር ፲፪፣ ሐሙስ

የዛሬው ብዙ ነው። እጄ ደክሟል፤ ግን ልጻፈው።

ግራዝማች ገና ከመቀመጣቸው ወደኔ ዞሩ። "አንተ ቀለም፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ቤት ታድራላችሁ አሉ። ያከብረኛል ወይስ ይንቀኛል?"

በችሎት ተጠይቄ አላውቅም። ያየሁትን ግን ተናገርኩ። "ጌታዬ፣ እርስዎ ሲገቡ ተነሥቶ የኮቱን ቁልፍ ቆልፏል። ሲቀመጥ ይፈታዋል። ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም ይቆልፈዋል። እኛ ወገባችን ላይ የምናደገድገውን እሱ በቁልፍ ያደርገዋል።"

ግራዝማች አላመኑም። "ተቀመጥ" አሉት። ተቀመጠ፤ ፈታው። "ተነሥ።" ተነሣ፤ ቆለፈው። "ተቀመጥ።" "ተነሥ።" አራት ጊዜ! አንዴም ሳይረሳ፣ አንዴም ፊቱ ሳይለወጥ። ችሎቱ ሁሉ ጣቶቹን ይከተላል። በመጨረሻ ግራዝማች "ከኛ ይበልጥ አድካሚ ነው። ይቀጥል" አሉ።

ኧረ እልል ማለት አማረኝ።

ከዚያ መቆራኘቱ መጣ። ደንቡ መቼም የታወቀ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ አንዱ ካንዱ እንዳያመልጥ ሆኖ ነው የሚሟገቱት። ዲንቄ ሴት ስለሆነች ወኪሏ ይቆራኛል። ጆቴ ጮኸ፤ "ጫፍ የሌለው ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር እንዴት እቋጠራለሁ? ቢያመልጠኝስ?" አንዱ "ከረባቱ ላይ ይታሰር!" አለ። እንደ ጥጃ ሊጎትቱት! አቶ ሙሉአለም ተረጋግቶ የኮቱን ደረት አሳየ። በግራ በኩል ቁልፍ የሌላት አንዲት ቀዳዳ አለች። "በዚህ ይግባ" አለ። የጆቴ ኩታ ጫፍ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ተቋጠረ።

ጆቴ ራሱን ቅቤ ተቀብቶ ነበር የመጣው፤ ኩታው ርሷል። እኔ ከክርክሩ ይልቅ ያንን ቋጠሮ አይ ነበር። አመድማው ሱፍ ላይ ቅቤው እየሰፋ ሄደ። ባለ ኮቱ ግን አንዴም ወደ ታች አላየም።

ክርክሩ ሲፋፋም ጆቴ "ተወራረድ! በዛጎሌ ፈረሴ!" አለ። ምስክር ያስረታው ሰው የተወራረደበትን ለችሎት ያስረክባል። አቶ ሙሉአለም ፈረስ የለው፣ በቅሎ የለው። ጆቴም ይህን አውቆ ነው። አቶ ሙሉአለም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "በዚህ ኮት!" አለ።

ግራዝማች ወደ ፊት ዘንበል ብለው ኮቱን አዩት፤ እንደ ፈረስ ጥርስ። "ተቀብያለሁ። ለኅዳር ፳፮ ምስክርህን ይዘህ ና፤ ኮቱም ይቅረብ" አሉ።

ምስክሩ ቤቱን የሠራው አናጢ ራህመቶ ነው። ማን እንዳሠራው፣ ማን እንደከፈለው የሚያውቅ እሱ ብቻ። አሁን አዋሽ ጣቢያ ነው አሉ።

ኅዳር ፲፬፣ ቅዳሜ

አቶ ሙሉአለም ራህመቶን ፍለጋ በባቡር ሄደ። ካኪ ልብስ ለብሶ። በካኪም ያምርበታል ሰውየው!

ኮቱን እንጨት ላይ ሰቅሎ፣ ነጠላ አልብሶ ለኔ ተወልኝ። "ውርርድ ነውና ከከተማው ባይወጣ ይሻላል። አቧራ ብቻ እንዳይነካው፣ አቶ ፈዬራ።"

ቅቤው የእጅ መዳፍ አክሏል። ሲያየው ግንባሩ ትንሽ ተጨማደደ፤ የመጀመሪያ ጊዜ ነው ሲከፋው ያየሁት።

ኅዳር ፳፩፣ ቅዳሜ

ጽዮን ማርያም። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ። ቤት ማንም የለም... ኮቱን ለበስኩት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። እውነት ነው፤ እጅጌው ጣቴን ዋጠው፣ ትከሻው ወረደብኝ። በገንዳ ውሃ ራሴን አየሁ፤ የአባቱን ካባ የሰረቀ ልጅ። ቶሎ አወለቅኩት።

የቅቤው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እንዲህ ሆኖ ችሎት ይቁም?

ኅዳር ፳፫፣ ሰኞ

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ችሎት የለም። ማንም ሳያየኝ ኮቱን በነጠላ ጠቅልዬ አዋሽ ወንዝ ወረድኩ። ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ አይመጥነውም ብዬ። እንዶዴን በደንብ ወቅጬ፣ አረፋውን አውጥቼ፣ ድንጋይ ላይ አድርጌ በእግሬ ረገጥኩት። እናቴ ትሙት፣ ለንጉሥ ካባም እንዲህ አይረገጥ! ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ቅቤው ጠፋ። ድራሹ ጠፋ! ቁጥቋጦ ላይ አሰጣሁት፣ ፀሐዩ እሳት ነበር።

ሲመጣ እንዴት ይደሰት ይሆን?

ኅዳር ፳፬፣ ማክሰኞ

ኮቱ አነሰ።

ኅዳር ፳፬፣ ማታ

ትናንት እርጥብ ነው፣ ሲደርቅ ይመለሳል ብዬ ነበር። ሲደርቅ ይብሱን ተኮማተረ። ጨርቁ ወፍሯል፣ እጅጌው አጥሯል፣ ገበሩ ከታች ወጥቶ ይታያል። ሸማ ስንት ዓመት በእንዶድ ሲረገጥ አንድ ስንዝር ቀንሶ ያውቃል? ሱፍ እንዲህ መሆኑን ማን ነግሮኝ?

ሮጬ መሐመድሰዒድ ዘንድ ሄድኩ፤ ገበያው ጥግ በመኪና የሚሰፋው የወሎው ሰው። ኮቱን ገለጠ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

"ምን አደረግከው?"

"አጠብኩት።"

"በምን?"

"በእንዶድ... አዋሽ ወርጄ..."

"ረገጥከው?"

"ረገጥኩት።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ! አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የቄሱን መጽሐፍ አጠበች አሉ። ፈዬራ፣ ሱፍ እኮ የበግ ጠጉር ነው፤ ስትረግጠው ይያያዛል። ሌሊት የምትለብሰው ባና እንዴት የሚሠራ ይመስልሃል?"

እስከ ማታ ታገለው። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ በከሰል ካውያ ሳበው፤ በጉልበቱ ይዞ ሳበው። የጠርዙን እጥፋት ፈትቶ ለቀቀ። ሁለት ጣት ያህል ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ እንቢ አለ። "ወላሂ ከዚህ በላይ ከሳብኩት ይቀደዳል" አለኝ። የእጁን ዋጋ አልቀበልም አለ። አዘነልኝ መሰለኝ፤ እሱም ይብስ አሳፈረኝ።

ዲንቄን መንገድ ላይ አየኋት። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ኅዳር ፳፭፣ ረቡዕ

መጣ። ራህመቶን ይዞ። ራህመቶ ሽማግሌ ነው፣ ቀና ሰው ይመስላል።

ገና ከበሩ ላይ ነገርኩት። ማሳመር አልቻልኩም። ኮቱን አልጋው ላይ ዘርግቼ ቆምኩ። ይምታኝ ብዬ ነበር የቆምኩት።

አነሣው። ደረቱን አየ፤ ቅቤው የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"ቅቤው በእርግጥ ለቋል" አለ።

አለቀስኩ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ አለቀስኩ። እሱ ውሃ ሰጠኝ። ኮቱን ያሰፋለት አባቱ ኖሯል፤ በቅሎውን ሸጦ፣ ትምህርቱን ሲጨርስ። ይህን የነገረኝ ለማስከፋት አይደለም፤ ጠይቄው ነው። ባልጠይቀው ይሻለኝ ነበር።

ነገ ምን ይለብሳል?

ኅዳር ፳፮፣ ሐሙስ

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት አቶ ሙሉአለም ከጓዳ ወጣ። ነጭ እጀ ጠባብ፣ ነጭ ሱሪ፣ ኩታ። ከመሐመድሰዒድ ተውሶ ነው። በየቀኑ የምናየው ልብስ... ግን እንዴት ለበሰው! ጥለቱ እኩል ወርዶ፣ እጥፉ አንድ ላይ ገጥሞ፣ አንዲት ክር ሳትዛነፍ። ያን ጊዜ ገባኝ። ኮቱ አይደለም። እስከ ዛሬ ኮቱን ነበር የማደንቀው፣ ተሳስቻለሁ።

ችሎት ገባ፤ ኩታውን አውርዶ ወገቡ ላይ አደገደገ፤ እጅ ነሣ። ግራዝማች ይደሰታሉ ብዬ ጠበቅኩ። ፊታቸው ጠቆረ።

"ኮትህስ?"

"ዛሬ አልለበስኩትም፣ ጌታዬ።"

"ለምን? ባለፈው ለኔ ስትቆልፍ ስትፈታ ዋልክ። ዛሬ ተራ ሆንኩብህ?"

ጆቴ ጊዜ አላጠፋም። "በሕግ አምላክ! ውርርዱን ሸሽጓል! ኮቱ ይቅረብ ተብሏል፤ ያላቀረበ ተረትቷል! ምስክሩም አይሰማ!" ሰዉ አጉረመረመ። ትክክል ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ዲንቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደኔ ታያለች። ለምን ወደኔ? ክሷን ስለጻፍኩላት ይሆናል።

አቶ ሙሉአለም ተናገረ። "አልሸሸግኩም። ኮቱ ተበላሽቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በአግባቡ አላስቀመጥኩትም።"

ይህን ጻፍኩት። "ጥፋቱ የእኔ ነው" ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ፊደሉ አምሮ ነበር የተጻፈው። አየሁት... ብዕሬ ቆመ።

የችሎት ጸሐፊ በችሎት ውርርድ እጁን ካስገባ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ስምንት ዓመት የበላሁበት እንጀራ ነው። ተነሣሁ።

"ጌታዬ፣ ውሸት ጽፌያለሁ። ጥፋቱ የሱ አይደለም። እኔ ነኝ ያጠብኩት።"

"ምኑን?"

"ኮቱን። በእንዶድ።"

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ችሎቱ በሙሉ፤ ዘበኞቹ ጭምር። ግራዝማች ብቻ አልሳቁም። "ይምጣ" አሉ። ዘበኛ ልከው ከቤቴ አስመጡት። አቶ ሙሉአለም እንዲለብሰው አዘዙ፤ እጅጌው ከአንጓው ርቆ ቀረ፣ ጀርባው ሊተረተር ሆነ። አሁን ራሱ ጆቴም ሳቀ።

ግራዝማች ኮቱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ብዙ አሰቡ። "ውርርዱ ቀርቧል" አሉ። "ጥቂት አነሰ እንጂ አልጠፋም። ምስክሩ ይሰማ።"

ራህመቶ ተናገረ። ቤቱን ያሠራው ሟቹ ነው፤ እንጨቱን ያቀበለችው፣ ጭቃውን የረገጠችው ዲንቄ ናት፤ ጆቴ ያን ጊዜ ፈረስ ሊሸጥ ሻሸመኔ ነበር። ጆቴ ሁለት ጊዜ ሊያቋርጠው ሞከረ፤ አልቻለም። ራህመቶ የእያንዳንዱን ምሰሶ እንጨት ከየት እንዳመጣው ይቆጥር ጀመር! ግራዝማች "ይበቃል፣ ይበቃል" አሉ።

ቤቱ የዲንቄ ሆነ። ዛጎሌ ፈረስ ለችሎት ገባ፤ ኮቱ ለባለቤቱ ተመለሰ። ዲንቄ እልል አላለችም። መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ግራዝማች ወደኔ። "አንተ ቀለም። እውነት በመናገርህ አልገርፍህም። ግን የችሎት ውርርድ የነካ እጅ የችሎት ብዕር አይዝም። አስቀምጠው።"

አስቀመጥኩት።

ኅዳር ፳፯፣ ዓርብ

ሥራ የለኝም። ጠዋት በልማድ ተነሥቼ እስከ ችሎቱ ደጅ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ ፩፣ ማክሰኞ

ዲንቄ ዶሮና አንድ ቁና ስንዴ ይዛ መጣች። አልቀበልም አልኩ። "ጋሼ ፈዬራ፣ ምንም ቢያጥቡ አልቀየምም" አለች! ያን ጊዜ ነው የሳቅኩት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው።

ታኅሣሥ ፬፣ ዓርብ

አቶ ሙሉአለም ነገ ይሄዳል። ማታ ኮቱን አውጥቶ "ቁም" አለኝ። ቆምኩ። አለበሰኝ።

ትከሻው ገጠመ። እጅጌው አንጓዬ ላይ ቆመ። ደረቱ ተዘጋ። እኔ እንደሆንኩ አጭርና ቀጭን ነኝ... እንደተሰፋልኝ!

አውልቄ ልመልስለት ስል እጄን ያዘኝ። "ለኔ ከእንግዲህ አይሆንም። መሐመድሰዒድ ሌላ ሰፍቶልኛል፤ በየወሩ እከፍለዋለሁ።"

"የአባትዎ ነው እኮ..."

"አባቴ ያሰፋው ሰው እንዲሟገትበት ነው። አንተ ያን ቀን ተነሥተህ የተናገርከው ከኔ ክርክር ይበልጥ ነበር።" አንተ አለኝ። አንቱታው ሲወድቅ እንደዚያ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ እስክንተኛ አስተማረኝ። የታችኛውን ቁልፍ መቼም አትቆልፍ። ኪስህን አታሳብጥ፤ ወረቀት በእጅ ይያዛል። ከረባቱ ቀበቶ ላይ ሲደርስ ይበቃዋል። የሸሚዙ እጅጌ ከኮቱ በጣት ወርድ ይውጣ። ቀይ ነገር ካማረህ መሀረብ ይሁን፣ እሱም ጥቂት። ከሁሉ በላይ፣ አለ፣ ከለበስከው በኋላ እርሳው። ራሱን የሚነካካ ሰው ነገሩን አያስታውስም።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመረ፤ አታጥበው።

ጥር ፲፰፣ እሑድ

ከሾላው ሥር ማመልከቻ እየጻፍኩ እኖራለሁ። መሐመድሰዒድ ከአቶ ሙሉአለም አዲስ ልብስ ከተረፈ ቁራጭ አመድማ ጨርቅ ሱሪ ሰፋልኝ፤ ከኮቱ ጋር ፍጹም አይገጥምም፣ ከሩቅ ግን ይገጥማል። ግራዝማች በበቅሎ ሲያልፉ ቆም አሉ። ተነሣሁ፤ ቆለፍኩ። አዩኝ። "የታችኛዋ ቀርታሃለች" አሉ። "ደንቡ ነው፣ ጌታዬ" አልኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ትናንት ከአርሲ ነገሌ የመጣ ሆራ የሚባል ሽማግሌ ማመልከቻ አጻፈኝ። የእርሻ በሬዎቹን ጎረቤቱ ወስዶበታል። ጽፌ ስጨርስ አነበብኩለት። "እንዲህ አድርገህ የምታውቀውን ለምን አንተው አትናገርልኝም?" አለ። እኔ? ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

መጋቢት ፳፬፣ ረቡዕ

አርሲ ነገሌ። አምስት ቀን መንገድ። ከዝዋይ ወዲህ አቧራው ነጭ ነው። ኮቱን በነጠላ ጠቅልዬ በቅሎዋ ላይ አስቀምጬ ነበር የመጣሁት። ከከተማው ዳር ዛፍ ሥር ቆሜ፣ ጫማዬን ወልውዬ፣ ብሩሽ አውጥቼ... ሽማግሌው ሆራ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። ሲያይ ቆይቶ እሱም ፎጣውን አራገፈ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ እግሩን በቅጠል ጠረገ። አብረን ገባን።

ችሎቱ ነገ ነው። እፈራለሁ? በጣም። ሽማግሌው ግን ተኝቷል፤ ያንኮራፋል። እንዴት አምኖኝ ነው?

መጋቢት ፳፭፣ ሐሙስ

ቆምኩ። የመጀመሪያው ቃል አልወጣም አለ፤ ሁለተኛው ወጣ። ከዚያ... በአማርኛም በኦሮምኛም ተናገርኩ፤ የበሬዎቹን ስም፣ ቀንዳቸውን፣ ሆራ ስንት ክረምት እንዳረሰባቸው፣ ጎረቤቱ በየትኛው ቀን በየትኛው በር እንዳስወጣቸው። ሽማግሌው ከኋላዬ "ዹጋ ነው! እውነት ነው!" ይላል። ተከራካሪው ሊያቋርጠኝ ሲነሣ ዳኛው "ተወው ይጨርስ" አሉ። ስለ ኮቱ አንዴም አላሰብኩም።

ከዳኛው ግርጌ የተቀመጠ ጸሐፊ ነበር። ጣቱ ቀለም የነካው፣ ወረቀቱ ላይ የተደፋ። ስምንት ዓመት እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ። በመካከሉ ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ቀና አለ።

"ጌታዬ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ" አለኝ። "አልደረስኩብዎትም።"